ሰላምታ ነፋጊ የተባሉት ስልከኛ

ወዳጅ ዘመድ «ስልከኛው» እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ሰው፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በግንቦት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በአራት ዓመት የሚበልጧቸው ታላቅ ወንድማቸው አሁን ከፊታችን ተቀምጠዋል።

እንደ ደንቡ ቢሆን እዚህ ላይ «ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ከትንሽ ከትልቁ ተግባቢ ነበሩ» ተብሎ ይነበብ ነበር። በቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ተግባቢ ያልነበረ ሰው ሞቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ይህ እንዳይጻፍ አጥብቀው ከልክለዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው የወንድማቸውን ልጅ፣ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ፣ አስጠርተው «ተግባቢ ነበር ብለሽ ብታነቢ ግማሹ ለቀስተኛ ይስቃል፣ ግማሹ ተቆጥቶ ይሄዳል። ያፈርኩበትን ጻፊው። ቁሜ መናገር ያቃተኝን ተኝቼ ልናገረው» አሏት። እሷም እሺ ብላ ቃል ስለገባች፣ የሚቀጥለውን የምታነበው እንደ ታዘዘችው ነው።

በልጅነታቸው ትምህርት የሚገባቸው ቀልጣፋ ተማሪ ነበሩ። ግጥም አንዴ ሰምተው በቃላቸው ይይዙ ነበር፤ የሒሳብ ማባዣውንም ከወንድማቸው ቀድመው ጨርሰውታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ቀን ከእናታቸው ጋር ገበያ ሄደው፣ የእናታቸውን ቀሚስ የያዙ መስሏቸው የሌላ ሴትዮ ቀሚስ ይዘው እስከ ሴትዮዋ ደጃፍ ድረስ ተጉዘዋል። ሴትዮዋ ዘወር ብላ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ስትላቸው ነው የነቁት። እናታቸው «ይሄ ልጅ በግ ነው፣ ከፊቱ የሄደውን ሁሉ ይከተላል» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ እሳቸውም አብረው መሳቅ ለመዱ። የክፍል አስተማሪያቸውን እሑድ ቀን ያለ ካፖርታቸው መንገድ ላይ አግኝተው ዝም ብለው በማለፋቸው ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንበርክከው አርፍደዋል። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

አባታቸውን በእንጨት ሽታ፣ እናታቸውን በድምፅና በጣታቸው ላይ ባለው የስፌት ቀለበት፣ ወንድማቸውን በፈጣን እርምጃው ያውቁ ነበር። ሰው ሁሉ ሌላውን ሰው እንዲህ እየፈለገ የሚያገኝ፣ ሌላው ጎበዝ ሆኖ እሳቸው ብቻ ሰነፍ የሆኑ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ስንፍናቸውን ደበቁት።

በ1963 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ አባታቸው አንድ ወዳጃቸው ዘንድ ፀጉር ቤት አስገቧቸው። እጃቸው ለመቀስ የተፈጠረ ነበር ይባላል። ግን ሰውን በፀጉሩ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ፀጉር አስተካካይነት ምን ያህል የከፋ ሥራ እንደሆነ አስቡት። ደንበኛውን ጎፈሬውን አይተው ያስቀምጡታል፤ ቆርጠው ሲጨርሱ ደንበኛው ጠፋ ማለት ነው። ሰውዬው መስታወት አይቶ፣ ልብሱን አራግፎ ሲነሳ «ተራህ ደርሷል፣ ቁጭ በል» ይሉታል። ሁለት ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ግን አሁን የተቆረጠው ፀጉር እንዳልተስተካከለ ሊነግሩት የፈለጉ መስሎት ተቀምጦ እንደገና ተላጨ። አራተኛው ተደባደበ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ለአባታቸው «ልጅህ ሱስ ይዞታል» ብለው መለሷቸው። ምንም ሱስ አልነበራቸውም።

በ1967 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ሆስፒታል በስልከኛነት ተቀጠሩ። ስልክ ቤቱ ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ነበረች። ከፊት ለፊት ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ፣ ጥሪ ሲመጣ የምትበራ ቀይ መብራት፣ የሚሰካና የሚነቀል የገመድ ክምር፣ ጎኑ በክር የታሰረ የጆሮ ማዳመጫ። እዚያች ክፍል ውስጥ ፊት የሚባል ነገር አልነበረም። ስልከኛው ሰው የሆኑት እዚያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሆስፒታሉን ሠራተኛ ሁሉ በድምፁ አወቁ፤ ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ከቤቱ ተጣልቶ እንደመጣ ከ«ሃሎ»ው ይገባቸው ነበር። «እንደምን አደሩ ዶክተር፣ የልጅዎ ትኩሳት እንዴት ሆነ?» ሲሉ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው እንዴት እንዳወቁት ይደነቅ ነበር። ያው ዶክተር በምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ሲያገኛቸው ግን እንደ ግድግዳ ያልፉታል። «ስልክ ላይ ማር፣ ኮሪደር ላይ እሬት» የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ያኔ ነው። አንዳንዱም «ኩራት እራቱ» ይላቸው ነበር።

ይህን ስም ከላያቸው ለማራገፍ ያልሞከሩት ነገር የለም። አንድ ሰሞን ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ ያውቁት አያውቁት፣ በሙሉ ልብ ሰላም ማለት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሚወጣ ሌባ በጓሮ በር አግኝተው፣ በሩን ከፍተው ይዘው፣ «በርታ ወንድሜ፣ ከበደህ እኮ» ብለው ሸኝተውታል። ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጋዜጣ እያነበቡ መሄድን መረጡ። ጋዜጣውን ሳያገላብጡ ይይዙታል እየተባለም ተስቆባቸዋል።

አሁን የምንደርስበትን ለማንበብ ይከብዳል።

በ1975 ዓ.ም. የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው በአእምሮ ሕመም ታመሙ። እንቅልፍ አጡ፣ ከሰው ጋር መነጋገር አቆሙ፣ ማንም የማይሰማው ነገር መስማት ጀመሩ። ስልከኛው በሚሠሩበት በዚያው ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝተው ለወራት ታከሙ። በዚያን ዘመን ዘመዱ እዚያ ክፍል የገባበት ሰው «ሆዱን አሞት ነው» እያለ ይዋሻል። ስልከኛው አልዋሹም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ይዘው በሁሉ ሰው ፊት ወደዚያ ክፍል ይገቡ ነበር። አልጋው ከመስኮቱ ሥር መሆኑን ያውቃሉ፤ አልጋው ላይ ያለው ባለ ትልቅ ጺም ሰው ወንድማቸው ነው። ማንም ይሁን ማን ይህን አያስተባብልባቸውም።

ወንድማቸው ተሽሏቸው የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ስልከኛው «በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ብለዋቸው ነበር። በዚያ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ቅማል ገብቷል ተብሎ የሕሙማኑ ሁሉ ፀጉርና ጺም ተላጨ። ወንድማቸው ከስተው፣ ተላጭተው፣ ከመጋዘን የተሰጣቸውን የሌላ ሰው ኮት ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። አንደበታቸው በመድኃኒቱ ከብዶ ስለነበር መናገር ይቸግራቸው ነበር። ስልከኛው ከደረጃው ሥር ካለው ክፍላቸው እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ጺማም ሰው አልነበረም። ወዲህ ወዲያ አሉ፤ በወንድማቸው አጠገብ ሁለት ጊዜ አለፉ። ወንድማቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሳቸው ቀረቡ። ስልከኛው በችኮላ ገለል አድርገዋቸው «ያሳልፉኝ ጌታዬ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አሏቸው።

ወንድማቸው እጃቸውን መልሰው፣ ብቻቸውን በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ማታ እናታቸው በልቅሶ «ወንድምህን በር ላይ ገፍተኸው ሄድክ? እብድ ነው ብለህ አፈርክበት?» ሲሏቸው ስልከኛው የሆነውን ያን ጊዜ ተረዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ «አላወቅኩትም» ማለት። ግን ሰው የእናቱን ልጅ አላወቅኩትም ቢል ማን ያምነዋል? ያመነውስ ምን ይላል? አንዱ ልጅ ከዚያ ክፍል በወጣበት ቀን ሁለተኛው ልጅ ጀመረው ይላል። ሥራቸውን የሚያጡ፣ የወንድማቸው አልጋ ላይ የሚተኙ መሰላቸው። ኩራተኛ መባል ከእብድ መባል ይሻላል ብለው አፋቸውን ዘጉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ቤተሰቡም ሁለት ሆነ፤ ይህን የምታነበው የወንድማቸው ልጅ በኋላ ተወልዳ አጎት እንዳላት ሳይነገራት ነው ያደገችው። እናታቸው ሲሞቱ እንኳ አንዱ በሬሳው ቀኝ፣ አንዱ በግራ ቆመው ቀበሩ።

በ1977 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። የተዋወቁት በስልክ ነው። የመጀመሪያ ቀን በአካል ሊገናኙ ሲቀጣጠሩ «አረንጓዴ ሻሽ አድርገሽ ነይ» አሏቸው። እንዳሉት አረንጓዴ ሻሽ አስረው መጡ። ከዚያ በኋላም ገበያ ሲወጡ፣ ሰርግ ሲሄዱ «አረንጓዴው ያምርብሻል» ስለሚሏቸው፣ ባለቤታቸው ፍቅር መስሏቸው ዕድሜያቸውን በአረንጓዴ ጨረሱት። በ1980 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ታላቅ ወንድማቸው መድኃኒታቸውን ለዓመታት ስለሚከታተሉ በየወሩ ወደ ሆስፒታሉ ይደውሉ ነበር። ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ስልከኛው ይሰካሉ፣ ድምፁ ይመጣል። በዓለም ላይ ካለው ድምፅ ሁሉ ያንን ቀድመው ያውቁታል። ወንድማቸውም የማን ድምፅ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ሃሎ፣ ተመላላሽ ክፍል እባክዎ።»

«ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ።»

«አመሰግናለሁ።»

በአንድ ማኅፀን የተኙ ሁለት ወንድማማቾች ለብዙ ዓመት እንዲህ «እርስዎ» ሲባባሉ ኖሩ። ስልከኛው ገመዱን ሰክተው ካገናኙ በኋላ ጆሮ ማዳመጫቸውን ወዲያው አያወርዱም ነበር። መስማት ወንጀል እንደሆነ ያውቃሉ። ወንድማቸው ለነርሷ «አሁን ደህና እተኛለሁ» ሲሉ እስኪሰሙ ይቆዩና ይነቅላሉ።

በ1996 ዓ.ም. አንዲት የአንጎል ተመራማሪ ሐኪም በስትሮክ የተጠቁ ሰዎች ፊት መለየት ለምን እንደሚሳናቸው ታጠና ነበር። የሕሙማኑን ውጤት ከጤነኛ ሰው ጋር ለማነጻጸር ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ፈቃደኞችን ስትጠይቅ፣ ስልከኛው በስልክ የሚያከብሯትን ዶክተር እምቢ ማለት ከበዳቸውና በጤነኛ ተራ ገቡ። ፀጉርና ጆሮው የተሸፈነ የፊት ፎቶግራፍ ታሳያቸዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ያንኑ ፊት ከሌሎች ፊቶች መሐል ይምረጡ ትላቸዋለች። የመኪና፣ የወንበር፣ የቁልፍ ፎቶ ሲሆን አንድ አልሳቱም። ፊት ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚመርጥ ሰው ሆኑ። በመጨረሻም ከፎቶዎቹ አንዱን «ይህን ሰውዬ አይቼው አላውቅም» ብለው መለሱት። ከሳምንት በፊት የሠራተኛ መታወቂያቸውን ሲያሳድሱ የተነሱት የራሳቸው ፎቶ ነበር። ከጤነኞቹ ብቻ ሳይሆን ከሕሙማኑም በታች ወጡ።

ሐኪሟ በቀስታ አስረዳቻቸው። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። የማስታወስ ችሎታቸው ጤነኛ ነው። እብደትም ስንፍናም አይደለም። በአንጎል ሥር፣ ከቀኝ ጆሮ ወደ ኋላ ባለው በኩል፣ ፊትን ለይተው የሚያውቁ ቦታዎች አሉ፤ እንደ እሳቸው ባሉ ሰዎች እነዚያን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች ሳስተው ነው የሚገኙት። ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፣ አብዛኛው ሳያውቀው ይሞታል፤ መድኃኒት ገና አልተገኘለትም፣ ምርምሩ ግን ቀጥሏል። ስልከኛው ይህን ሰምተው «መስመሩ ካልተገናኘ ጥፋቱ የስልከኛው ነዋ» አሉ። ሐኪሟ ሳቀች። እሳቸው ግን ከሳቋ በኋላ አለቀሱ።

ሁለት ነገር መከረቻቸው። አንደኛ፣ ይህ ነገር በዘር ስለሚወርድ ልጃቸውን ይዘዋት እንዲመጡ። ሁለተኛ፣ ከራሱ ከችግሩ ይልቅ መደበቁ እየጎዳቸው ስለሆነ፣ ሰው በበዛበት ልባቸው የሚደልቀው፣ እንቅልፍ የሚያጡት በዚሁ ስለሆነ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል መጥተው ከባለሙያ ጋር እንዲነጋገሩ። ለመጀመሪያው «ልጄ ደህና ናት» አሉ። ለሁለተኛው እሺ ብለው ቀጠሮ ያዙ። በቀጠሮው ቀን እስከ ኮሪደሩ መታጠፊያ ሄደው ነበር። የተራ መጠበቂያው ረጅም ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የሚያውቃቸው ይኖር ይሆናል፤ እሳቸው ግን ማን እንደሆነ ማወቅ አይችሉም። ተመለሱ። በመጨረሻ ዘመናቸው፣ ሁሉን መናገር ከጀመሩ ወዲህ፣ ደጋግመው «ወንድሜ የተቀመጠበትን ወንበር አፈርኩበት። ሰው በሐሰት ሲከሰኝ የኖረውን እኔ በገዛ እግሬ እውነት አደረግኩት» ይሉ ነበር። በሕይወታቸው ካፈሩበት ሁሉ ይህን ያህል ያንገበገባቸው አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በመጨረሻዋ የሥራ ቀናቸው ያ ድምፅ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁንም እንደማያገኙት ያውቃሉ። ብዙ ሊሉ አስበው ነበር። «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» አሉና አገናኙ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የእሳቸው መደበቅ ግን ለሌላ ሰውም ተረፈ። ሴት ልጃቸው በ2007 ዓ.ም. በአንድ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነበረች፤ ልታገባም ቀን ቆርጣ ነበር። የእጮኛዋ እናት በእግረ መንገዳቸው ሊያዩዋት መድኃኒት ቤቱ ገብተው ፊቷ ቆሙና ፈገግ አሉላት። ልጅቱ ቀና ብላ አይታቸው «እናቴ፣ ወረፋ ይያዙ፤ ሰው ቀድሞዎታል» አለቻቸው። ቤታቸው ሦስት ጊዜ ምሳ በልታለች። ሴትዮዋ «ገና ሳትገባ ከናቀችኝ ገብታማ ትረግጠኛለች» አሉ፤ ጋብቻው ፈረሰ።

ስልከኛው ያንን ሲሰሙ ምን አደረጉ? እየጮኹ ተቆጧት። «ሰው ማክበር ያላስተማርኩሽ ይመስል አንገቴን አስደፋሽኝ!» አሏት። ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች «አባዬ፣ እኔ እንጃ ምን እንደሆንኩ። አላወቅኳቸውም። ሰው አላውቅም። ይሄው እስከዛሬ እየደበቅኩ ነው» አለች። ምን እንደሆነች ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር። «ዓይንሽን ተመርመሪ» ብለዋት ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ቆይተው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ለነበሩት ለባለቤታቸው ሁሉንም ተናገሩ። ባለቤታቸው ቢላዋውን አስቀመጡ። «በራስህ ሕመም ልጄን ገሠጽካት?» አሉ። ከዚያ ሌላው ነገር ትዝ አላቸው፤ «አረንጓዴ እኮ ጠልቼ ሞቻለሁ! አንድ ቀን እንኳ ቀይ ላድርግ ስል ደስ አይልህም ብዬ!» እያሉ ሻሹን ከራሳቸው ፈትተው ወረወሩባቸው። ስልከኛው በዚያች ቅጽበት ባለቤታቸው ፊት ለፊታቸው ቆመው ጠፉባቸው። ይህንንም ነገሯቸው። ባለቤታቸው ሻሹን ከወለሉ አንስተው መልሰው አሰሩት።

በማግሥቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሐኪሟ ሄዱ። የምርምር ክፍሏ ከአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ጎን ስለሆነ፣ ተራ የሚጠበቀው በዚያው ረጅም ወንበር ላይ ነበር። ሁለቱ ባዶ ቦታ ፈልገው ባርኔጣና መነጽር ካደረጉ፣ ከዘራ ከያዙ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጡ። አዛውንቱ ጠጋ አሉላቸው። ስልከኛው «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አሉ። አዛውንቱ ፊታቸውን አዞሩ። ከአፍታ በኋላ ነርሷ ስታልፍ አዛውንቱ ቀና ብለው «ሲስተር፣ ተራዬ አልደረሰም?» አሉ።

ስልከኛው ድምፁን ሲሰሙ «ጋሼ!» አሉ።

«አሁን ገና አየኸኝ?» አሉ ወንድማቸው፣ ሳይዞሩ።

«አላየሁህም። አሁንም አላውቅህም። ጋሼ፣ እኔ ሰው በፊቱ አላውቅም። ያን ቀን በር ላይ ጺምህን ነው የፈለግኩት።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት አስበህ ያመጣኸው ሰበብ ይሄ ነው? አፈርኩብህ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ ወንድማቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ። ስልከኛው ሊከተሏቸው አልደፈሩም። ይመለሳሉ ብለው ተስፋ በማድረግ እጃቸውን በባዶው ቦታ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

ወንድማቸው መጸዳጃ ቤት ድረስ ሄደው እዚያ ቆሙ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፣ ባርኔጣውንና መነጽሩን ከላዩ አስቀመጡ፣ ከዘራውን ግድግዳ አስደገፉ። በሸሚዝ ብቻ፣ መላጣቸውን ሆነው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ተመልሰው ስልከኛው ፊት ቆሙ። ቃል አልተናገሩም። ስልከኛው ቀና አሉ፤ ልጅቱም ቀና አለች። ሁለቱም አዩዋቸው።

«ይቅርታ ጌታዬ» አሉ ስልከኛው በትሕትና፣ እጃቸውን ከወንበሩ ሳያነሱ፣ «ይሄ ቦታ ሰው አለበት። የወንድሜ ነው፣ አሁን ይመጣል።»

ወንድማቸው ወደ ወንበሩ ጠጋ አሉ። «እጅህን አንሳ እንግዲህ፣ ወንድምህ መጥቷል» አሉ፤ ከዚያም በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ምስኪን እናታችን፣ አንዱን እብድ አንዱን ኩራተኛ ወለድኩ ብላ ተቃጥላ ሞተች!» ብለው ጮኹ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያዩት ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ይቅርታው የስልከኛውን ሸክም አላቀለለላቸውም። ወንድማቸው በቶሎ ይቅር ማለታቸው ይባስ ከበዳቸው፤ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ሠላሳ ሁለት ዓመት መፍጀቱ በየቀኑ ይታያቸው ነበር። የወንድማቸውን ሰርግ አልበሉም። የወንድማቸውን ልጅ ያቀፏት ትልቅ ሴት ሆና ነው። እሳቸውና ልጃቸው በሐኪሟ ጥናት ውስጥ ገብተው የአንጎላቸው ምስል ተነስቷል፤ ለተማሪዎች እንዲናገሩ ሲጋበዙም ሄደዋል። ሲናገሩ ግን ሁልጊዜ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ልጃቸው «አባዬ፣ አሁን እኮ የሚያሳፍር ነገር የለም» ስትላቸው «ችግሩማ አያሳፍርም፤ ዝምታዬ ነው» ይሏት ነበር። በዚያ ረጅም ወንበር ላይ ግን ከወንድማቸው ጎን እየተቀመጡ ባለሙያ ማነጋገራቸውን እስከ መጨረሻው አላቋረጡም።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ገጠማቸው። በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ራሳቸው ለወንድማቸው ልጅ የነገሯት ነው፤ እንዳሉት ይነበባል። «ያለፍኳችሁ፣ ፊት የነሳኋችሁ፣ የእግዜር ሰላምታ የነፈግኳችሁ ሁሉ፣ አላወቅኳችሁም ነበር። አለማወቄ ጥፋት አይደለም ብለውኛል። አለመናገሬ ግን ጥፋት ነው፤ ለእሱ ይቅር በሉኝ። ልጄን ደግሞ አደራ።»

ልጃቸው አሁን በሩ ላይ ትቆማለች። አንድ በአንድ እየቀረባችሁ ስታጽናኗት አብዛኞቻችሁን አታውቃችሁም፤ አብራችኋት የተማራችሁትን፣ በክንዳችሁ ያሳደጋችኋትንም ቢሆን። ስለዚህ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከማለታችሁ በፊት ስማችሁን ንገሯት። እሷም አታፍርም፣ እናንተም አትፈሩ።

የተሸሸገ የማይሰወርበት ፈጣሪ የወንድማችንን፣ የአባታችንን ነፍስ ሳያሳፍር ይቀበልልን። ለቀሪዎቹም ለመናገር የሚበቃ ድፍረት ይስጠን። አሜን።